በደብሪቱ እግር ላይ ያረፈው ጥላ

የአገሬን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም አታውቋትም። የማወራችሁ ግን ወይ በዓይኔ ያየሁትን ነው፣ ወይ ከደብሪቱ ከራሷ የሰማሁትን ነው። ደብሪቱ ደግሞ መዋሸት ቀርቶ ማጋነን እንኳ የማይሆንላት ሴት ናት። ማጋነኑን ለእኔ ተዉልኝ።

ከተማችን የምትኖረው በገመድ ነው። ሰፊ ወንዝ አለን፤ በወንዙ ላይ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ይወጠራል፤ ታንኳዎቹ እሱን ይዘው ሰውና ከብት ያሻግራሉ። ያንን ገመድ የሚሠራው የገመድ ቤቱ ነው፤ ከእኛ ሰፈርም እዚያ የማይውል ሰው ማግኘት ይቸግራል። ወፍራም ገመድ ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብለው አይገምዱትም፤ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ገማጁ ቃጫውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ወደ ኋላ እየሄደ ነው የሚያከርረው። እኔም ደብሪቱም ዕድሜያችንን በጠራራ ፀሐይ ወደ ኋላ ስንሄድ ነው የኖርነው።

የድካማችን ዋጋ ግማሹ በየወሩ በእጃችን ይሰጠናል። ሌላው ግማሽ ግን ዛፍ ነው። አንድ ሰው ሥራ የገባ ዕለት ከሜዳው በስተምዕራብ ባለው መሬት ላይ ሠላሳ ችግኝ ይተከልለታል፤ አንድ ዓመት በሠራ ቁጥር አንዱ ዛፍ ላይ ስሙ የተጻፈበት ቆርቆሮ ይመታለታል። ዛፎቹን የሚረከብበትም ቀን በዚያኑ ዕለት በድንጋይ ላይ ይቀረጻል። ያ ቀን ከተቀረጸ በኋላ አንድ ቀን አይቀርብም፣ አንድ ቀን አይርቅም። ታመምኩ ቢሉት፣ ልጄን ልድር ነው ቢሉት፣ ድንጋይ ምን ይሰማል! ቦታውን የነገ ደን እንለዋለን።

ይህ ሁሉ ለምን ሆነ ብትሉ ስለ ግብር ነው። በአገራችን ሕግ ሰው ግብር የሚከፍለው በተቀበለ ቀን ነው፤ ያልተቀበለውን አይከፍልም። ታዲያ መቀበል ማለት ምን ማለት ነው? ሕግ አዋቂዎቻችን በዚህ ጥያቄ ላይ ሦስት ዓመት ተቀመጡበት ይባላል። በሦስተኛው ዓመት መቀበል ማለት በእጅ መያዝ ሳይሆን የሚደረስበት መሆን ነው የሚል ቃል ይዘው ወጡ። የሚደረስበት መሆኑ በምን ይታወቃል ሲባሉም እንዲህ ብለው ጻፉ፤ የዛፉ ጥላ ባለቤቱን የነካው ቀን ባለቤቱ ዛፉን ተቀብሏል።

እኔ ይህን ሕግ ባሰብኩት ቁጥር እስከ ዛሬ እጄን በአፌ ያስጭነኛል። አጥር የለው፣ ዘበኛ የለው፣ ቁልፍ የለው። ፀሐይን የሚያክል ፍጥረት ያለ ደመወዝ ጸሐፊ አድርጎ የቀጠረ መንግሥት ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። በቀኑ የተረከበ ሰው ከዛፎቹ ሲሶውን ለግብር ይሰጣል። ከቀኑ በፊት ጥላ የነካው ግን ሲሶውን ሰጥቶ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛውን ለጥድፊያው ይቀጣል።

እንግዲህ ኑሯችንን አስቡት። የአንዱ ዛፍ ከሌላው ዛፍ ጋር ቅርንጫፉ ተቆላልፏል፤ የቱ ጥላ የማን እንደሆነ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ የደኑን ጥላ በሙሉ እንፈራዋለን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጥላው ከደኑ ወጥቶ ወደ ገመድ ሜዳው መሳብ ይጀምራል፤ ያኔ ደወል ይደወላል፤ አራት መቶ ሰው ቃጫውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ ይላል። የሥራ ሰዓታችን የሚያበቃው እንዲህ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ሲያስፈራሩ ጅብ መጣ አይሉም፣ ጥላ መጣ ነው የሚሉት። ያም ሆኖ በዚያ ደን የማይኮራ ሰው አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ሆናችሁ ብታዩት ተራራ ነው የሚመስለው፤ ንፋስ ሲገባበት ድምፁ እስከ ገበያ ይሰማል። ያ ሁሉ የእኛ ነው፤ ማናችንም ግን ከሥሩ ቆመን አናውቅም።

ደብሪቱ ሠላሳ ዓመቷን የጨረሰች ገማጅ ነበረች። ሠላሳኛው ቆርቆሮ ተመቶላታል፤ የቀራት በድንጋይ የተቀረጸው ቀኗ ብቻ ነው፤ እሱም ከአዲስ ዓመት በኋላ አርባኛው ቀን ላይ ይውላል። ባሏ ንጋቱ የድሮ ታንኳ ቀዛፊ ነው፤ ጉልበቱ ከድቶት ቤት ከዋለ ቆይቷል። የሚኖሩት እንደ ሁላችንም በገመድ ቤቱ መደዳ ቤት ነው፤ መደዳ ቤት ደግሞ ዛፉን የተረከበ ሰው በወሩ ለቆ ይወጣል። ስለዚህ ደብሪቱ ቤት መሥራት ነበረባት፤ ሒሳቡንም ከጎረቤት ሁሉ ጋር ስታወራው ስለኖረች እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። ከሠላሳው ዛፍ አሥሩ ለግብር ይሄዳል፤ ሃያ ይቀራል። ለቤት አሥራ ስምንት ይበቃል። በተረፉት ሁለት ለንጋቱ አልጋ ታሠራለታለች፤ መሬት ላይ ሲተኛ ጉልበቱ ያንገበግበዋልና።

አዲስ ዓመት አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ገመድ ቤቱ ለደብሪቱ የመልካም ስንብት ውል የሚል ወረቀት ላከላት። በወንዙ ላይ የድንጋይ ድልድይ መሠራት ስለጀመረ ገመድ ፈላጊ እየቀነሰ ነው፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እረፊ ይላል ወረቀቱ። ስለ ገመድ ቤቱ ክፉ ላለመናገር ከፈረመች ሦስት ተጨማሪ ዛፍ በስጦታ ታገኛለች። ካልፈረመች ዝም ብላ ትሄዳለች። ለማሰብ ሃያ አንድ ቀን፣ ፈርማ ለመጸጸት ደግሞ ሰባት ቀን ተሰጥቷታል።

ደብሪቱ ወረቀቱን አጣጥፋ ወደ አቶ ፍሬሰንበት ሄደች። አቶ ፍሬሰንበት የከተማው ጥላ ለኪ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የልኬት ዘንግ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው፤ ሕጉን የሚወዱት ሌላው ሰው ልጁን እንደሚወድ ነው። እሳቸውም እንደ እኛው በነገ ደን ውስጥ ዛፍ አላቸው። ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበቡላትና ማሰቢያዋና መጸጸቻዋ ሲደመር አዲሱን ዓመት እንደሚሻገር ነገሯት። እንዲህ ያለ ውል ሲያጋጥም ተቀባዩ የፈለገውን ዓመት መምረጥ አይችልም፤ ዛሬ ብትፈርም እንኳ ስጦታው የሚሰጣት አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ መሆን አለበት። ሠላሳዎቹ ዛፎች ደግሞ ሥራ ብታቆምም ከቀናቸው ንቅንቅ አይሉም፤ እስከዚያ በመደዳ ቤቷ መቆየት ትችላለች። ይህን ሲያስረዷት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር አለችኝ፤ ሕጉ ምን ያህል ሁሉን ነገር አስቀድሞ እንዳሰበ ሲያዩ እንዲህ ይሆናሉ።

ደብሪቱ በነጋታው ፈረመች። ገመድ ቤቱም ስጦታው ከአዲስ ዓመት በኋላ ይሰጣል ብሎ በማኅተም አረጋገጠላት።

አሁን ጥፋቱን ስሙ። በአገራችን አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ግቢ ሁሉ ይጠረጋል። የገመድ ቤቱም ችግኝ ማፍያ በዚያን ቀን ተጠረገ። ጠራጊዎቹ የደብሪቱ ስም በቆርቆሮ የተንጠለጠለባቸውን ሦስት ችግኞች አገኙ፤ የማን እንደሆኑ ግልጽ ነው፤ ታዲያ እዚህ ቦታ ከሚይዙ ለባለቤታቸው ይድረሱ ብለው ማለዳ ተሸክመው አመጡና በሯ ላይ ደርድረውላት፣ አንኳኩተው፣ መልካም በዓል ብለው ሄዱ። ክፋት አልነበረባቸውም። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው። የደብሪቱ በር ወደ ምሥራቅ ነው የሚከፈተው። ማን ነው ብላ በሩን ከፍታ አንድ እርምጃ ወጣች። ከሦስቱ የአንዱ ችግኝ ጥላ፣ ከክንድ የማይበልጥ ነገር፣ ባዶ እግሯ ላይ አረፈ።

ቀና ብላ ችግኙን አየች፣ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ቀረች። ሕጉ ጥላ የነካው ሰው እስኪለካ ድረስ ከቆመበት አይነቃነቅም ይላል። ንጋቱ ከውስጥ እያነከሰ መጣና ነገሩን አየ።

«እግርሽን አንሺ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ምንም አላየሁም።»

«ፀሐይ አይታኛለች» አለች ደብሪቱ።

እኔም አይቻለሁ፤ በሬ ከበሯ ፊት ለፊት ነው። ሕጉ ጥላ ሲነካ ያየ ጎረቤት ለኪውን ይጥራ፣ ካልጠራ ከራሱ ዛፍ አንዱ ይቆረጥበታል ይላል። ያኔ እኔ ሃያ ሁለት ዛፍ ነበረኝ። ሳልውል ሳላድር ሮጥኩ። አቶ ፍሬሰንበትን የጠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይቀላል።

አቶ ፍሬሰንበት ከከተማው ማዶ ጫፍ ስለነበሩ የደረሱት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ከፍ ባለች ቁጥር ጥላው እየተሰበሰበ፣ ከእግሯ መሃል ወደ ጣቶቿ ሲሸሽ መደዳው ሰፈር በሙሉ ቆሞ ያያል። ንጋቱ ምነው ትንሽ በዘገዩ እያለ እጆቹን ያፋትጋል። ለኪው ሲደርሱ ጥላው ትልቋ ጣቷ ላይ ነበር። ተንበርክከው ዘንጋቸውን አጋድመው ለኩ።

«ነክቷል፤ የጥላው ልክ ሦስት ጣት ነው» አሉ በመጨረሻ።

ደብሪቱ ያኔ እግሯን አነሳችና የነካት ከችግኞቹ አንዱ ብቻ መሆኑን፣ ሠላሳዎቹ ዛፎቿ ጋ ግን ድርሽ ብላ እንደማታውቅ ተናገረች። አቶ ፍሬሰንበት አዘኑላት፤ ማዘናቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር። ነገር ግን ሕጉ አንድ ቀጣሪ ለአንድ ሠራተኛ የገባው ተስፋ ሁሉ አንድ ተስፋ ነው ይላል፤ አንዱን ከቀኑ በፊት የተቀበለ ሁሉንም ተቀብሏል። ችግኞቹ ራሳቸው ሰው እስኪያክሉ ድረስ ግብር አይከፈልባቸውም። ሠላሳዎቹን ግን ከዚያች ማለዳ ጀምሮ ተቀብላለች።

«ያመጧቸው እነሱ፣ ቀኑን የሳቱት እነሱ» አለች ደብሪቱ። «የምቀጣው እኔ ነኝ?»

«ሕጉ የሰጪውን እጅ አያይም፤ የተቀባዩን እግር ነው የሚያየው» አሏት አቶ ፍሬሰንበት።

ገመድ ቤቱ ስህተቱን ሲሰማ ደነገጠ፤ ይህን መካድ አይገባም። ችግኞቹን መልሰው እንዲወስዱ ሰው ላከ፤ የተነካ እግር ግን ያልተነካ ሊሆን አይችልምና ሰዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተመለሱ። ማታውኑ ደግሞ እጅግ ማለፊያ በሆነ የእጅ ጽሕፈት የይቅርታ ደብዳቤ ደረሳት። ክፉ ላለመናገር የፈረመች ስለነበረች ደብሪቱ አንብባ ዝም አለች።

እንግዲህ ከሠላሳው አሥሩ ለግብር፣ ስድስቱ ለቅጣት ሊሄድ ነው። አሥራ አራት ይቀራል። አሥራ ስምንት የሚፈልግ ቤት በአሥራ አራት አይሠራም፤ አልጋውማ ይቅር። የወር ቀነ ገደቡ መቆጠር ጀምሯል። ንጋቱ ምግብ አልበላ አለ። ደብሪቱ የዓመት በዓሉን ዕለት ወገቧን በእጇ ይዛ፣ ምንም ሳትሠራ፣ ወደ ምዕራብ ስታይ ዋለች፤ እንዲያ ቅስሟ ተሰብሮ አይቻት አላውቅም።

በበዓሉ ማግስት አንድ ነገር ገባት። ዛፎቹን ከተቀበለች ከእንግዲህ ምን ትፈራለች? ከሞቀው ሜዳ ተነስታ፣ አራት መቶ ሰው ሥራውን አቁሞ እያያት፣ ወደ ደኑ ገባች። ደወል ደዋዩ ግራ ገብቶት ደወለ። እሷ ግን ሄደች፤ ቅጠሉ ከኋላዋ ገጠመ፤ ጠፋችብን።

ውስጥ የሆነውን ኋላ ነው የነገረችኝ። መጀመሪያ ዓይኗ ምንም አላይ አላት፤ ጨለማ መሰላት። ቆይታ ስታይ ጨለማ አይደለም፤ አረንጓዴ ነው። መሬቱ የሠላሳ ዓመት ቅጠል ተነጥፎበት እግሯ ይሰምጣል። ስማቸውን የማታውቃቸው ወፎች ነበሩ። ቆርቆሮውን እያየች ስሟን ፈለገች፤ አገኘችው፤ እንደገና አገኘችው። ሥራ የገባች ዕለት ጉልበቷን የማያክሉ ችግኞች ነበሩ፤ አሁን አንዱን ለማቀፍ ሁለት ሴት ያስፈልጋል። አቀፈችው። ጉንጯን አስጠጋችበት፤ ግንዱ ቀዝቃዛ ነበር። የሠላሳ ዓመት ፀሐይዋ ሁሉ እዚያ ተጠራቅሞ ይህን የሚያህል ነገር ሆኖ አየችው። አለቀሰች፤ ከብስጭት አልነበረም። 

በሳምንቱ የግብር ቤት ቆራጮች መጡ። አሥራ ስድስቱን መርጠው ቀለም የሚቀቡት አቶ ፍሬሰንበት ናቸው። ሰው ሁሉ ግብር ቤቱ ቀጥ ቀጥ ያለውን ለራሱ ወስዶ ጎባጣውን ይተውላታል ብሎ ጠበቀ፤ እስከዚያ ዘመን ልማዱ እንዲያ ነበርና። አቶ ፍሬሰንበት ጎህ ሲቀድ፣ ጥላ ሳይኖር ሮጥ ብለው እየገቡ፣ ፀሐይ ሳትወጣ እየወጡ፣ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። አንዱን ይቀቡና ያጠፉታል፤ ከጎረቤት ዛፍ ያለውን ርቀት ይለካሉ፤ ይቆጥራሉ። ተሳሳቱ እንዴ ተባለ፤ በሥራ ዘመናቸው አንድ ቀን ፈጅቶባቸው አያውቅም።

ከዚያ መጥረቢያው ጀመረ። ከዳር አሥራ አንድ፣ ከመሃል አምስት ዛፍ ወደቀ። እያንዳንዱ ሲወድቅ ሜዳው ይነቃነቃል፤ ደብሪቱ አንድም ጊዜ ፊቷን አላዞረችም። ቆራጮቹ ግንዱን ጎትተው ሲያበቁ ግን አፏን ይዛ ቆመች። የቀሩት አሥራ አራት ዛፎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። መሃላቸው የቤት ወለል የሚያህል ባዶ ቦታ ነው፤ በዙሪያቸው ደግሞ ከሌላው ሰው ዛፍ የሚለያቸው ሰፊ ገላጣ ተከፍቷል። ላያቸው ላይ ቅርንጫፋቸው ገጥሟል። ደብሪቱ ገማጅ ናት፤ ግድግዳውን በገመድ አስራ፣ ጣሪያውን በቃጫ ምንጣፍ ወጥራ ለመጨረስ ምን ያህል ቀን እንደሚፈጅባት ቆማ አሰበች። አንድም ዛፍ መቁረጥ አያስፈልጋትም። ቤቱ ቆሟል።

አቶ ፍሬሰንበት ከገላጣው ዳር፣ ፀሐይ ላይ፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው ይጠብቁ ነበር።

«ሕጉ አሥራ ስድስት ይላል» አሏት። «የትኞቹ እንደሆኑ አይልም። ተረክቦ ያልተቆረጠ ዛፍ የቆመበትን መሬት ደግሞ ማንም አይጠይቅም፤ ይህም ተጽፏል። የሚጠቀምበት ሰው ስላልነበረ ተረስቶ ነው።»

ደብሪቱ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችና ይግቡ አለቻቸው። እሳቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ጥላ ነው እኮ አሏት።

«የኔ ጥላ ነው» አለች። «ግብሩ ተከፍሏል። ሰው የሌላ ሰው ዛፍ ሥር እንዳይቀመጥ የሚከለክለው የትኛው አንቀጽ ነው?»

አቶ ፍሬሰንበት ሕጉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልባቸው ሲያገላብጡት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አይቻለሁ። ሕጉ የሚለው የራስ ዛፍ ጥላ ነው። ስለ ጎረቤት ዛፍ አንድ ቃል የለም። የደኑ ጥላ የተደባለቀ ስለነበረ ሁላችንም ሁሉን ስንፈራ ኖርን እንጂ፣ ማንም ጠይቆ አያውቅም። አሁን ደግሞ ገላጣው መሃል ያረፈው ጥላ ከማንም ጋር ያልተቀላቀለ፣ የደብሪቱ የብቻዋ ጥላ ነው። ከእሳቸው ኋላ የቆምነው ሰዎች አንገታችንን አስግገን እናያለን።

ዘንጋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። አንድ እግራቸውን አስገቡ፣ ጠበቁ፣ ሌላውን አስገቡ። በከተማችን ባርኔጣ ከራስ የሚወርደው ለመኝታ ብቻ ነው፤ አቶ ፍሬሰንበት አወለቁት። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ ማናችንም አናውቅም ነበር። ከግንዱ ሥር ቁጭ አሉና ቀና ብለው ቅጠሉን አዩ፤ ብዙ ቆዩ።

«እኔ ገና አራት ዓመት ይቀረኛል» አሏት።

«እስከዚያ በየቀኑ ይምጡ» አለቻቸው።